“ረን” ሁልጊዜ መሮጥ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በጋዜጣዎ የእንግሊዝኛ ቃላት ዓምድ ባለፈው ሳምንት “ረን” ስለተባለው ቃል የወጣውን ማብራሪያ አንብቤዋለሁ። ዓምዱ እንዲቀር አልፈልግም፤ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እየቆረጡ ደብተራቸው ላይ ሲለጥፉት ስለማይ ምን ያህል እንደሚነበብ አውቃለሁ። ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ተማሪ በቃሉ የሚይዘው ጽሑፍ ሲያሳስት፣ የተያዘውን ለማስለቀቅ የሚጠይቀው ድካም ቃሉን መጀመሪያ ከማስተማር ይበልጣል።

ማብራሪያው እንዲህ ነበር። ከላይ “ረን” ይላል፤ ቀጥሎ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ “መሮጥ”። ከሥሩ “ተመሳሳይ ቃላት” በሚል ርእስ ስፕሪንት፣ ጆግ፣ ዳሽ፣ ጋሎፕ፣ ፍሊ፣ ፍሎው፣ ማኔጅ፣ ኦፐሬት እና ፈንክሽን በአንድ መሥመር ተደርድረዋል። አንድም ዐረፍተ ነገር አልተጨመረም። ከቃላቱ ውስጥ ፈጽሞ ስሕተት ነው የሚባል የለም፤ እያንዳንዳቸው በሆነ ቦታ “ረን”ን ተክተው ሊገቡ ይችላሉ። ጥፋቱ የነጠላ ሰረዙ ነው። ቃላቱን በነጠላ ሰረዝ ብቻ እየለዩ መደርደር ለተማሪው “ሁሉም አንድ ናቸው፣ የወደድከውን አንሥተህ ተጠቀም” ብሎ እንደ መንገር ይቆጠራል።

ተማሪዎችም የተነገራቸውን ያደርጋሉ። ስለ ቤተሰቡ አንድ አንቀጽ እንዲጽፍ የታዘዘ ልጅ አባቱ ትንሽ ሱቅ እንደሚያስተዳድር መናገር ፈለገ፤ “ረን”ን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው መምህሩን አያስደንቅም ብሎ ይመስለኛል፣ እንዲህ ካለ ዝርዝር ውስጥ “ፍሊ”ን መርጦ አስገባ። የጻፈው እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ “አባቴ ትንሽ ሱቅ ይሸሻል” ይሆናል። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ አንድ ሐኪም ሆስፒታሉን እንደሚመራ ልትናገር “ኦፐሬት”ን ከመረጠች በኋላ፣ ከሌላ ቦታ የሰማቻትን “ኦን” የምትባል ትንሽ ቃል አስከትላ ሐኪሙ ሆስፒታሉን ቀዶ ጥገና እንዲያደርግለት አደረገች። ሁለቱም ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ሰነፍ ተማሪ “ረን”ን እንዳለ ትቶት ያልፍ ስለነበር ሳይሳሳት ይቀር ነበር፤ የተሳሳቱት የተነገራቸውን አምነው ስለ ተጉ ነው።

ቃሉ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ከራሳቸው ከእንግሊዞቹ እንስማ። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ክፍሉ በ1884 ታትሞ በ1928 ነው ያለቀው (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዋና አዘጋጁ ጄምስ መሪ መጨረሻውን ሳያይ በ1915 ሞቷል። በ1989 በወጣው ሁለተኛው እትም ብዙ ፍቺ በመያዝ የሚጠቀሰው “ሴት” የተባለው ግሥ ሲሆን ከ400 በላይ ፍቺዎች ተቆጥረውለታል፤ በፊደላችን ሲጻፍ የእኛን ሴት መምሰሉን አንባቢ ይለፈኝ። በያዝነው ክፍለ ዘመን መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሲከለስ ግን “ረን” ቀደመው፤ በግሥነቱ ብቻ ከ600 በላይ ፍቺዎች ተመዘገቡለት፤ የአንዱ አዘጋጅ በርካታ ወራትም በዚሁ በአንድ ቃል ላይ አለቁ። እንግዲህ እኛ ይህንን ቃል በአንድ የእኩል ምልክት ልንጨርሰው መሞከራችን ድፍረት ይባላል እንጂ ማሳጠር አይባልም።

የፍቺዎቹ ብዛት ግን ያለ ሥርዓት የመጣ አይደለም፤ ተማሪ ሥርዓቱን ቢያውቅ ግማሹ ሸክም ይቀልለት ነበር። ቃሉ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ሲሆን ከጀርመንኛ ጋር ዝምድና አለው፤ ጀርመኖች ዛሬም “ሬነን” ሲሉ መሮጥ፣ “ሪነን” ሲሉ መፍሰስ ማለታቸው ነው። በእንግሊዝኛው “ረን” ውስጥም እግርና ውሃ ከጥንት ጀምሮ አብረው ኖረዋል። ስለዚህ እንግሊዞች ወንዝ “ረን” ያደርጋል ሲሉ ወንዙን በሯጭ መስለውት አይደለም፤ ቃሉ ከመነሻው የሚናገረው ሳይቋረጥ ወደፊት ስለሚሄድ ነገር ሁሉ ነው። ፋብሪካና ባቡር ሲመጡ ሳይቋረጥ የሚሽከረከረው ማሽንም በዚሁ ቃል ተጠራ፤ ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ፋብሪካውን “ረን” አደረገ፤ ከዚያም ሱቁን፣ ሆቴሉንና መሥሪያ ቤቱን የሚመራው ሁሉ ተከተለ። በኮምፒውተር ዘመን ደግሞ ፕሮግራም “ረን” ማድረግ መጣ።

አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ አይሸከምም፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ቃል ይሰጠዋል። ሞተር ይሠራል፤ ወንዝ ይፈሳል፤ አውቶቡስ ከመርካቶ ቃሊቲ ይመላለሳል፤ መንገድ እስከ ድንበር ይዘልቃል፤ የኪራይ ውል እስከ ተወሰነለት ቀን ይጸናል፤ ዜና በጋዜጣ ይወጣል፤ አዲስ ቀሚስ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ንፍጡ ይወርዳል፤ አንዳንድ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር ይተላለፋል፤ ስኳር ያልቅብናል፤ ሰው ከቀጠሮው ይዘገያል። በእንግሊዝኛ እነዚህን ሁሉ በ“ረን” መናገር ይቻላል፤ እርግጥ እንደ “አውት” እና “ሌት” ያለ አጃቢ ቃል የሚፈልጉ አሉባቸው። በአማርኛ ግን ከመካከላቸው አንዱም አይሮጥም። መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ስንል ሁለቱ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ፤ ጉዳይ ለማስፈጸም ከቢሮ ቢሮ ስንሯሯጥ ዋልን ስንልም እንግሊዞች ተመሳሳይ አነጋገር አላቸው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ ተማሪው ማወቅ የሚገባውም የሚለያዩበትን ቦታ ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ የተለየ ቋንቋ እንዳይመስለን “በላ” የሚለውን የራሳችንን ግሥ እንይ። አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ ሰው “በላ፣ ተመገበ፣ ጎረሰ፣ ቀመሰ” የሚል ዝርዝር ብቻ ቢሰጠው፣ ቡዳ የበላውን ልጅ “ቡዳ ተመገበው” ይለናል፤ ቤንዚን የሚበላውን አሮጌ መኪና “ቤንዚን ይጎርሳል” ይለናል፤ ዝገት የበላውን ቆርቆሮ፣ ሹም የበላውን የሕዝብ ገንዘብ፣ በዳማ የተበላውን ጠጠር በምን እንደሚናገራቸው ግን እሱም እኛም አናውቅም። ስቀን እናርመዋለን። የእኛ ልጆች እንግሊዝኛ ሲጽፉ ያሉበት ሁኔታ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እነሱን ፈተናው የሚያርማቸው በቀይ እስክሪብቶ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ተመሳሳዮቹ ልምጣ፤ ዓምዱ ዋናውን ጉዳት ያደረሰው እዚህ ላይ ነውና። በእውነተኛው የእግር ሩጫ ውስጥ እንኳ ቃላቱ አይለዋወጡም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የተናነቁበትን ውድድር ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጋዜጠኛ 25ቱን ዙር በሙሉ “ረን” አደረጉ ይላል፤ ኃይሌ በመቶኛ ሴኮንዶች ልዩነት የቀደመበትን የመጨረሻውን ቀጥታ መሥመር ብቻ ነው “ስፕሪንት” የሚለው። 10 ሺህ ሜትር “ስፕሪንት” አደረገ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሰው የማይችለውን ነገር ጽፏል። “ጆግ” ደግሞ የእኛው ሶምሶማ ነው፤ ለጤና ወይም ለማሟሟቅ የሚደረግ ስለሆነ ከውድድር ሜዳ ላይ ቦታ የለውም። “ጋሎፕ” የፈረስ ነው፤ ለሰው ከተነገረ በማሾፍ ወይም በማጋነን ነው። “ዳሽ” አጭር መንገድና ጥድፊያ ይፈልጋል፤ ዝናብ ሲጀምር ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤት በር እንደሚፈተለክ ሰው። “ፍሊ” እስከ ጭራሹ ሩጫ መሆኑም ያጠራጥራል፤ የሚያስፈልገው አደጋ እንጂ ፍጥነት አይደለምና ከጦርነት በአውሮፕላን የወጣ ሰውም በእንግሊዝኛ “ፍሊ” አድርጓል፣ አንድም እርምጃ ሳይሮጥ።

እነዚህን ልዩነቶች አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሊረዳቸው አይቸገርም፤ የራሱ ቋንቋ በዚህ ሀብታም ነው። ሮጠ፣ ገሠገሠ፣ ከነፈ፣ ሸመጠጠ፣ ፈረጠጠ፣ እግሬ አውጪኝ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት አለው። ሌባ ይፈረጥጣል። ጋዜጣዎ በስፖርት ገጹ “አትሌቷ ፈርጥጣ ወርቅ አገኘች” ብሎ ቢጽፍ በማግሥቱ ስልኩ ሲጮኽ እንደሚውል አልጠራጠርም፤ ሊቃውንት “ፈረጠጠ”ንም “ሮጠ”ንም በአንድ የትርጉም ቤተሰብ ቢመድቧቸው እንኳ ማንም ይቅር አይልም። “ጆግ”ን በሶምሶማ፣ “ፍሊ”ን በሸሸ ማስረዳት ሁለት ቃል ብቻ ይፈጅ ነበር፤ ዓምዱ በአማርኛ የሚታተም ሆኖ ሳለ አማርኛን ለዚህ አለመጠቀሙ ገርሞኛል።

የማስተዳደር ወገን የሆኑት ተመሳሳዮች ይበልጥ አደገኞች ናቸው፤ ምክንያቱም ተማሪው በሥራ ማመልከቻ ላይ የሚጽፋቸው እነዚህን ነው። ሱቅን ወይም ድርጅትን “ረን” ማድረግ የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው። “ማኔጅ” ሰውን፣ ጊዜንና ገንዘብን ይዞ መምራትን ያጎላል፤ “ቱ” ከተከተለው ደግሞ ትርጉሙ ወዲያው ተለውጦ “እንደ ምንም ብሎ ተሳካለት” ይሆናል። “ኦፐሬት” ማሽንን፣ የማዕድን ማውጫን፣ የአውቶቡስ መሥመርን ይወዳል፤ “ኦን” ከተከተለው ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። “ፈንክሽን” ሰው ወይም ዕቃ ራሱ መሥራቱን እንጂ ሌላውን ማሠራቱን አይናገርም፤ ሞተሩ “ፈንክሽን” ያደርጋል፣ ባለቤቱ ግን ሞተሩን “ፈንክሽን” አያደርገውም። በአማርኛ ሠራና አሠራ በቅርጽ ስለሚለያዩ ልጆቻችን ይህንን ልዩነት በደማቸው ያውቁታል፤ “ረን” ግን ሁለቱንም በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ ተመሳሳዮቹም ሁሉ እንደዚያ ይመስሏቸዋል።

አገርም ቃላትን ይለያል። አሜሪካዊ ፖለቲከኛ ለምርጫ ሲወዳደር “ረን” ያደርጋል፤ እንግሊዛዊው ለፓርላማ ሲወዳደር “ስታንድ” ያደርጋል፤ አንዱ ሮጠ ሌላው ቆመ ቢባልም ሁለቱም የሚፈልጉት መቀመጫ ነው። ይህ ለጋዜጣዎ የውጭ ዜና ገጽም ይጠቅማል። በአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ከፕሬዚዳንታዊው ዕጩ ጋር ለምክትልነት የሚቀርበውን ሰው (“ረኒንግ ሜት” ይሉታል) “የሩጫ ጓደኛ” ብሎ የሚተረጉም ጽሑፍ ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤአለሁ፤ በውድድር ሁለተኛ የወጣውንም፣ እንግሊዞች “ረነር አፕ” የሚሉትን፣ “ሯጭ” ያለ ገጥሞኛል። በኢኮኖሚክስ መጽሐፍ “ሾርት ረን” እና “ሎንግ ረን” የሚባሉት የአጭርና የረዥም ጊዜ ናቸው፤ ይህንን ቃል ከዓምድዎ የተማረ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ግን ምዕራፉን ሲከፍት አጭርና ረዥም ሩጫ እየፈለገ ይገባበታል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ነገሩ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

እንግሊዝኛ ለምን ይህን ያህል ተመሳሳይ ቃላት እንዳከማቸ በአጭሩ ልጥቀስ። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል ሲያደርጉ የቤተ መንግሥቱና የሹማምንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያንና የሊቃውንት ቋንቋ ላቲን ነበር፤ ገበሬው በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። ከዚህ የተነሣ “አስክ”፣ “ክዌሽን” እና “ኢንተሮጌት” ሦስቱም መጠየቅን ቢናገሩም የመጀመሪያው የጎረቤት፣ የመጨረሻው የፖሊስ ጣቢያ ነው። እኛም ሞተ፣ ዐረፈ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ እንላለን፤ ነገር ግን ዶሮአችን ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች ብሎ የሚያረዳ ሰው የለም።

ተመሳሳይ ቃላትን መደርደር ራሱ ክብር ያለው ሥራ መሆኑን አልክድም። ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1852፣ በ73 ዓመቱ፣ ዝነኛውን የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ ሲያሳትም ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ መደባቸው፤ ፍቺ ግን አልሰጣቸውም። ያልሰጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መጽሐፉን ያዘጋጀው ሐሳቡ በአእምሮው እያለ ቃሉ ለጠፋበት፣ ቃሉን ሲያየው ግን ወዲያው ለሚያውቀው የቋንቋው ባለቤት ነበር። ያንኑ ዓይነት ዝርዝር ቃላቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ የእኛ ተማሪ ማቅረብ መጽሐፉ ላልታሰበለት ሰው መስጠት ነው።

ለእኛ የሚስማማው ሌላ መንገድ ነው፣ አዲስም አይደለም። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛውን ቃል በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ እያስገባ ከእያንዳንዱ ጎን የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣል። አንባቢው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ጎረቤቱ ሁኔታ ስንት የተለያየ የአማርኛ ቃል እንደሚጠራ በዓይኑ ያያል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በእጃችን የነበረውን ይህን ዘዴ ትተን ወደ እኩል ምልክት የተመለስንበትን ምክንያት ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

የሥራ ባልደረቦቼ የሚያነሡት መከራከሪያ አለ። ብሔራዊው ፈተና ተመሳሳይ ቃል ስለሚጠይቅ ዝርዝር መሸምደድ ግዴታ ነው ይላሉ። የፈተናውን ጥያቄ ግን ረጋ ብለው ይመልከቱት፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ከሥሩ የተሰመረበት ቃል በዚያ ምንባብ ወይም በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለየትኛው እንደሚቀርብ ነው። አማራጮቹ ውስጥ “ፍሎው”ም “ማኔጅ”ም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም በዝርዝሩ ላይ ስላሉ የሸመደደው ልጅ ሳንቲም መወርወር ብቻ ይቀረዋል።

ስለዚህ ዓምዱ ከእንግዲህ የሚያቀርባቸውን ተመሳሳዮች በግማሽ እንዲቀንስና ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከነአማርኛው እንዲጨምር እጠይቃለሁ። ቢቻል ቃሉ የማይገባበት አንድ ቦታም ቢታይ መልካም ነው፤ ተማሪ ከትክክለኛው ይልቅ ከተከለከለው ይበልጥ ይማራል። ቦታ ይጠባል እንዳይባል ባለፈው ሳምንት የዓምዱን ሩብ ያህል የያዘው የሯጭ ሥዕል ነበር፤ እሱ ቢነሣ ስድስት ዐረፍተ ነገር ያስገባል፤ በዚያ ላይ ቃሉ የእግር ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያጸናው ዋናው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀርበው “ሴት” እንደሚሆን ዓምዱ አስታውቋል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሲሚንቶ ሲጠነክር፣ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲያገጥም፣ የሠርግ ቀን ሲቆረጥ፣ ማዕድ ሲሰናዳ እና ሲኒ ከረከቦት ላይ ሲቀመጥ እንግሊዝኛ በዚህ አንድ ቃል ይናገራቸዋል። ስድስቱ በስድስት ዐረፍተ ነገር ይውጡልን፤ “ፑት” በተመሳሳይነት መጠቀስ ካለበትም ከሲኒዋ ጎን ብቻ ይጻፍ፤ ፀሐይዋን፣ ሲሚንቶውንና ወጌሻውን አይመለከትም።

ከአክብሮት ጋር

የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር
አዲስ አበባ